ፍሬው ያማረ ሥራ ሁሉ የተፈቀደ ነውን?

 

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጉዳይ በገበያም በቤትም በአገር አስተዳደርም ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ይኸውም ሰው መልካም ነገር ሊሠራ አስቦ መንገዱ የሚያጠራጥር ሆኖ ሲያገኘው፥ በመጨረሻ የሚገኘው ጥቅም መንገዱን ያነጻዋልን? የሚል ጥያቄ ነው። ክፋትን ፈልጎ ክፉ የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ደግ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ስለዚህም ፈተናው ከሌላው ፈተና ይልቅ ረቂቅ ነው።

እንዲህ ያለ ነጋዴ አለ እንበል። በነቀምት ወይም በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ቡና ይገዛል፥ ይሸጣል። በሰፈሩ የተጀመረው መስጊድ ጣራ አላገኘም፤ ቁርአን የሚቀሩ ልጆች ዝናብ ይወርድባቸዋል። ይህ ነጋዴ ቡናው ለሚዛን ከመቅረቡ በፊት በሌሊት ጥቂት ውሃ ያርከፈክፍበታል፤ ወይም ያለፈውን ዓመት ቡና ከዘንድሮው ጋር ይቀላቅላል። በዚህ ያገኘውን ትርፍ ግን አንድ ሳንቲም ለራሱ አያስቀርም። ቆርቆሮ ገዝቶ መስጊዱን ያለብሳል። ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል፥ እናቶች ስሙን በዱዓ ያነሡታል። እርሱም በልቡ፥ ከገዢው የወሰድሁት ጥቂት ነው፥ ለአላህ ቤት የሰጠሁት ብዙ ነው ይላል። ይህ ሰው ምን አደረገ?

መልሱን ከመስጠታችን በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ እንመልከት። የነቀምት ቡና በዓለም ገበያ በከተማይቱ ስም ይጠራል። ፍሬው ተለቅ ያለ በመሆኑና የፍራፍሬ ቃና ስላለው በውጭ አገር ቡና ቆዪዎች ዘንድ ይታወቃል፤ እነርሱም እስከ ዛሬ በጥንቱ አጠራር «ለቀምት» ይሉታል። የተከማቸ ቡና እርጥበቱ ከመቶ 12 እጅ ገደማ ካለፈ በጆንያው ውስጥ ይሻግታል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፥ ለብዙ ዓመታት የአንዱ አቅራቢ ቡና በዓይነትና በደረጃ ተመድቦ ከሌሎች ቡና ጋር በአንድነት ይሸጥ ነበር። እንግዲህ በሌሊት የፈሰሰው ውሃ አንድን ገዢ ብቻ አልነካም። የገዛ ቡናውን በአልጋ ላይ በጥንቃቄ ያደረቀውን ገበሬ ነካ፤ በሐቅ የመዘነውን ጎረቤት ነጋዴ ነካ፤ ስሟ በጆንያው ላይ የተጻፈውን ከተማ ነካ። ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም ለመስጊዱ ጣራ አዋጡ ተብለው አልተጠየቁም። ነገር ግን አዋጡ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት በሙስሊም ዘገባ ተላልፏል። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ብሎ መለሰ። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግኸውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእኛ ወገን አይደለም ብለውም አስጠነቀቁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ውሃውን ያመጣው ሰውዬው አልነበረም፤ ዝናብ ነው። ጥፋቱ መደበቁ ብቻ ነበር። ዝናብ ያረጠበውን መደበቅ እንዲህ ካስገሠጸ፥ በገዛ እጅ ማርጠብ ምን ሊባል ነው? ገንዘቡን ለምን ልታውለው አስበሃል የሚል ጥያቄም ለሻጩ አልቀረበለትም።

አሁን ወደ መስጊዱ እንመለስ። ከነቢይነት በፊት ቁረይሾች ካዕባን እንደ ገና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ፥ ሰዎቹ ገና ጣዖት አምላኪዎች ሳሉ፥ ለሕንፃው የሚገባው ገንዘብ ንጹሕ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የዝሙት ዋጋ፥ የአራጣ ገንዘብ፥ ከሰው በግፍ የተወሰደ ገንዘብ እንዳይገባበት ቃል ተጋቡ። ይህን በማድረጋቸውም ገንዘቡ አነሳቸው። ስለዚህ የኢብራሂምን መሠረት በሙሉ ሊሠሩት አልቻሉም፤ አንዱን ወገን ከግድግዳው ውጭ አስቀሩት። ይህም ሒጅር የሚባለው፥ ሐጅ ያደረገ ሁሉ ያየው፥ በዝቅተኛ ግንብ የተከበበው ቦታ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የገንዘብ ማነስ ለባለቤታቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደ ነገሯቸው በቡኻሪ ዘገባ ይገኛል። የቁረይሽ ነጋዴዎች ሀብታሞች ነበሩ። ከአራጣው ትንሽ ቢጨምሩበት ሕንፃው በሞላ ነበር። እነርሱ ግን ያልሞላ ቤትን መረጡ፤ ያም ክፍት ቦታ እስከ ዛሬ በዓለም ሙስሊም ሁሉ ፊት ይታያል። በእኛ ሰፈር ቆርቆሮ የጎደለው መስጊድ ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍር አይደለም።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ገዛሊ ስለ ኒያ በጻፉት ክፍል ይህንኑ ጉዳይ ስሙን ጠርተው ያነሡታል። የሰው ሥራ ሦስት ወገን ነው ይላሉ፤ ትእዛዝን መፈጸም፥ የተፈቀደ ነገርን መሥራትና ኃጢአት ነው። ትእዛዝ በኒያ ይጸናል፤ የተፈቀደው ነገር በኒያ አምልኮ ሊሆን ይችላል፤ ኃጢአት ግን በኒያ አይለወጥም። ምሳሌ ሲሰጡም የአንዱን ሰው ልብ ለማስደሰት ሌላውን የሚያማ፥ ከሰው ገንዘብ ወስዶ ድሀ የሚያበላ፥ በሐራም ገንዘብ መድረሳ ወይም መስጊድ የሚያሠራ ሰው ይጠቅሳሉ። ይህን ሁሉ ድንቁርና ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ ሥራ በኒያ ይመዘናል የሚለው ታላቅ ሐዲስ፥ ቡኻሪ መጽሐፋቸውን የጀመሩበት፥ ለማንኛውም ሥራ የተሰጠ የይለፍ ወረቀት ሆኖ መነበብ የለበትም። ለብዙ ሰዎች ግን እንዲሁ ሆኖ ይነበባል። በገበያችን ውስጥ እንደዚህ ሐዲስ አላግባብ የሚጠቀስ ሌላ ሐዲስ አላውቅም።

ይህ የልብ ማታለል ነጋዴን ብቻ የሚይዝ አይምሰላችሁ፤ ሊቃውንትንም ይዟል። የሐዲስ ምሁራን የመርው ከተማ ቃዲ ስለ ነበረው ስለ ኑሕ ኢብን አቢ መርየም የሚያወሩት ነገር አለ። ሰዎች ቁርአንን ትተው በአቡ ሐኒፋ ሕግና በዘመቻ ታሪክ ሲጠመዱ አየ ይባላል። ወደ ቁርአን ሊመልሳቸው ፈልጎ የእያንዳንዱን ምዕራፍ ትሩፋት የሚናገሩ ሐዲሶችን ፈጥሮ በነቢዩ ስም አስተላለፈ። እንደ እርሱ ያሉትም፥ የዋሸነው ለነቢዩ ጥቅም እንጂ በእርሳቸው ላይ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። ፍሬው ምን ሆነ? በእርግጥ አንዳንድ ሰው ወደ ቁርአን ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡ ምሁራን ውሸቱን ከእውነቱ ለመለየት ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ ሐሰተኞቹ ቃላትም ከመጻሕፍት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፉ ቀሩ። መልካም አሳቢው ሰው የራሱን ዘመን አየ፥ የሚመጣውን ግን አላየም።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ ከቁርአን ክርክር ያመጣሉ። በካህፍ ምዕራፍ ያ ለሙሳ (ዐ.ሰ.) አስተማሪ የሆነው የአላህ ባሪያ፥ ኸድር የሚባለው፥ የድሆችን ጀልባ ሰብሮ አልነበረምን? በግፍ ከሚነጥቅ ንጉሥ ሊያድናት አይደለምን? ይላሉ። አዎን ነው። ግን ታሪኩ ሲያበቃ እርሱ ራሱ ይህን ሁሉ በገዛ ፈቃዱ እንዳላደረገው ይናገራል። የወደፊቱ የተገለጠለት ሰው የሠራውን፥ ነገ ጠዋት የቡና ዋጋ ስንት እንደሚሆን የማያውቅ ሰው መከተል አይችልም። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ክርክር ነው፤ ይኸውም ሸሪዓው ራሱ አንዳንድ ጊዜ ለመልካም ፍሬ ሲባል የተከለከለውን ይፈቅዳል የሚል ነው። እውነት ነው፥ ይፈቅዳል። በሰዎች መካከል ዕርቅ ለማውረድ መልካም ቃል የሚያመላልስ ሰው ውሸታም እንደማይባል ከነቢዩ ተላልፏል። በረሃብ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሐራም የሆነውን ምግብ ይበላል። ንጹሕ ሰው ከገዳይ ሸሽቶ በቤትህ ቢሸሸግና ገዳዩ ቢጠይቅህ፥ ገዛሊም ነወዊም እንደሚሉት ሌላ ማምለጫ ቃል ካጣህ መዋሸት ግዴታህ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዓላማ መንገድን ያጸድቃል ማለት አይደለምን?

አይደለም። ወይም በትክክል ለመናገር፥ ልዩነቱ ሌላ ስፍራ ላይ ነው። በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ ውስጥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ለገዳዩ የተነገረው ውሸት ገዳዩን መብት አልነሣውም፤ የንጹሑን ደም የማፍሰስ መብት መጀመሪያውኑ አልነበረውምና። አስታራቂው በሁለቱ መካከል ያመላለሰው ለስላሳ ቃል ከአንዳቸው ኪስ ምንም አላወጣም። የተራበውስ? እዚህ ላይ የሕግ ሊቃውንት የተናገሩት ቃል ለነጋዴ ከወርቅ የሚበልጥ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በዑስማንያ መንግሥት የተደነገገው «መጀለ» የተባለው ሕግ በ21ኛው አንቀጽ ችግር የተከለከለውን እንደሚያስፈቅድ ያስቀምጣል። በ22ኛው ፈቃዱ በችግሩ ልክ ብቻ እንደ ሆነ ይወስናል። በ33ኛው ደግሞ ችግር የሌላውን ሰው መብት እንደማያፈርስ ያጸናል። የተራበ ሰው የጎረቤቱን እንጀራ ነፍሱን ለማዳን ቢበላ ኃጢአቱ ይነሣለታል፤ የእንጀራው ዋጋ ግን ዕዳው ሆኖ ይቀራል። ባገኘ ጊዜ ይከፍላል። ነፍስን ማዳን ከሚያህል ፍሬ በላይ ምን ፍሬ አለ? እርሱ እንኳ የአንዲት እንጀራን ዋጋ አልሰረዘም።

ስለዚህ መመዘኛው ፍሬው ምን ያህል ያምራል የሚል አይደለም። ፍሬውን ለማግኘት የማን መብት ወጪ ተደረገ፥ ባለ መብቱስ ተጠየቀ ወይ የሚል ነው። ገዛሊም ስለ ውሸት ሲጽፉ ይህንኑ ይለያሉ። ሰው ለገዛ ጥቅሙ ሲል ከሆነ መተዉ ይሻላል፥ የሌላውን ሰው መብት ለማዳን ከሆነ ግን ቸል ማለት የለበትም ይላሉ። ሰው ለራሱ ጥቅም ሲፈርድ ዓይኑ ይታወራልና።

እናቶች ይህን በቤት ውስጥ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ ገንዘብ የሚሰስት ሰው መሆኑን ተናግራ፥ ሳያውቅ ብወስድበትስ ብላ ነቢዩን ጠየቀች። እርሳቸውም ለእርስዋና ለልጆችዋ በልማድ የሚበቃውን እንድትወስድ ፈቀዱላት። ከውጭ ሲያዩት ስርቆት ይመስላል። ነገር ግን የወሰደችው የገዛ መብትዋን ነው፤ ቀለብ በባል ላይ ዕዳ ነውና። ከሚበቃው አልፋ ለወንድሟ ንግድ መቋቋሚያ ብትወስድ ኖሮ፥ ወንድሟ ሺህ ድሆች የሚያበላ ቢሆን እንኳ፥ ፈቃዱ እዚያ አይደርስም ነበር።

የዚህን አገር የጥንት ንግድ የሚያውቅ ሰው ይህ መመዘኛ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎጃም ተነሥተው ዓባይን የሚሻገሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ሌቃ አገር፥ ወደ ቢሎ ገበያ ይወርዱ ነበር። አሞሌ ጨው ያመጣሉ፤ ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና በቀንድ የታሸገ ዝባድ ይዘው ይመለሳሉ። በዝባዱ ቀንድ ውስጥ ቅቤ የሚቀላቅል አይጠፋም ነበር። ይህን በሐዘን አስታውሰን እናልፋለን፤ የሚከብደው ግን በዚያው ጎዳና ሰውም ይሸጥ እንደ ነበር ማስታወስ ነው። ባሪያ ፈንጋይ፥ ልጁን ከረሃብ አወጣሁት፥ ጌታ አገኘ፥ ሃይማኖትም ተማረ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ይችል ነበር። ከተሸጡት መካከል ኋላ ሊቅና ባለ ሀብት የሆነም አይታጣም፤ ፍሬ የሚቆጥር ሰው ይህን ይቆጥራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጌታቸው ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ግን፥ አላህ በትንሣኤ ቀን ከሳሽ ሆኖ ከሚቆምባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነጻ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። ክሱ ግን አዋጅ አልጠበቀም።

አሁን ደግሞ ለብዙዎቻችሁ ቤት ቅርብ ወደ ሆነው ነገር እንምጣ፤ አባቶቻችሁ ከወሎ የመጡ አንባቢዎች በተለይ ታስተውሉታላችሁ። በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በወደቀው ረሃብ ሕዝብ በመቶ ሺዎች አለቀ። የደርግ መንግሥት በዚያ ዓመትና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ብዙው የወረደው በወለጋ፥ በአሶሳ፥ በቄቶና በአንገር ሸለቆ ነው። ከወሎ የመጡትም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የተነገረው ምክንያት ግልጽና መልካም ነበር፤ የሰሜኑ መሬት ደክሟል፥ የምዕራቡ ለም ነው፥ ሰው ይድናል የሚል ነው።

ፍሬው ሁሉ ሐሰት ነበር ማለት አንችልም። ባልመጣ ኖሮ እሞት ነበር የሚል ሰው አለ፤ ያረሰ፥ የነገደ፥ ልጆቹን ያስተማረ አለ። ወዶ የመጣም ነበር። ነገር ግን በየቀበሌው የሰው ቁጥር እንደ ግብር ተመድቦ፥ ከገበያና ከእርዳታ መቀበያ ስፍራ ተይዞ የተጫነም ብዙ ነው። ባል በአንድ መኪና፥ ሚስት በሌላው ሄደው ሳይገናኙ ቀሩ። ደጋ የለመደ ሰው ቆላ ወርዶ በወባ አለቀ። የወለጋ ገበሬም የሚሠራውን ትቶ ለሰፋሪ ጎጆ እንዲሠራ ታዘዘ፤ መሬቱና ጫካውም ሳይጠየቅ ተሰጠ። ይህን የተቃወመው የፈረንሳይ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ በእግሩም በመኪናም ወደ አገሩ ተመለሰ።

በሁለቱ ወገን፥ በመጣውም በተቀበለውም፥ የተፈጸመው ነገር ያው የቡናው ውሃ ነው። መልካሙ ፍሬ የተቆጠረው በአንዱ መዝገብ ነው፤ ዋጋው የተከፈለው ባልተጠየቀ ሰው ነው። ረሃቡ እውነተኛ ችግር ስለ ነበር ብዙ ነገር ያስፈቅድ ነበር፤ እህል ከባለ ጎተራ በዋጋ መውሰድን፥ መኪና ሁሉ ለእርዳታ እንዲውል ማዘዝን ሳይቀር። ሚስትን ከባሏ መለየትን ግን የትኛው የችግር ልክ ያስፈቅደዋል?

ረሃብን በሌላ መንገድ የተቋቋመ ገዢ ስለ መኖሩ ታሪክ ይመሰክራል። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በዓረብ አገር «የአመድ ዓመት» የተባለ ድርቅ ወረደ። ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ (ረ.ዐ.) ከሻም እህል አስመጡ። የበረሃው ሕዝብ ወደ መዲና ጎረፈ፥ በዚያም ተመገበ። በዚያ ዓመት ተርቦ በሰረቀ ሰው ላይ እጅ የመቁረጥ ቅጣት አልፈጸሙም። እርሳቸው ራሳቸው ሕዝቡ ቅቤ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤ አልቀምስም ብለው መልካቸው እስኪጠቁር ድረስ ዘይትና ደረቅ እንጀራ በሉ። ዝናብ በዘነበ ጊዜም የመጡትን ሰዎች ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው ወደየአገራቸው እንዲመለሱ አደረጉ። የመልካሙን ፍሬ ዋጋ በመጀመሪያ የከፈሉት በገዛ ሰውነታቸው ነው።

ነገር ግን አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ እውነተኛውን መንገድ ብይዝ ፍሬው ቢጠፋስ? ውሃ ባላርከፈክፍ መስጊዱ ሳይከደን ቢቀርስ? እውነት ብናገር ቤተ ሰቤ ቢጠፋስ? ይህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። ለዚህ መልስ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በዚሁ በሐበሻ ምድር የተፈጸመ ነው።

ከሂጅራ ሰባት ዓመት ያህል በፊት የተጀመረው ስደት ሰማንያ ያህል ወንዶችን ከሴቶችና ከልጆች ጋር ወደ ነጃሺ አገር አመጣ። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብን አል-ዓስንና አንድ ጓደኛውን የተለፋ ቆዳ ገጸ በረከት አስይዘው ላኩ። በመጀመሪያው ቀን ጉዳያቸው አልተሳካም። በማግስቱ ዐምር ለንጉሡ፥ እነዚህ ሰዎች ስለ መርየም ልጅ ስለ ዒሳ ከባድ ቃል ይናገራሉ አለ። ንጉሡ ክርስቲያን ነበር፥ ጳጳሳቱም በዙሪያው ነበሩ። ይህን ታሪክ የነገሩን በዚያ የነበሩት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። ስደተኞቹ ተሰብስበው፥ ሲጠይቀን ምን እንላለን ብለው ተመካከሩ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀትም ደርሶባቸው አያውቅም ነበር።

እስቲ ራሳችንን በዚያ ሸንጎ እናስቀምጥ። ሕፃናት አሉ። መመለስ ማለት ሰንሰለትና ጅራፍ ነው። አንዲት ለስላሳ ቃል፥ ወይም ጥያቄውን የሚያድበሰብስ መልስ፥ ሁሉንም ታድናለች። ከእኛ መካከል ማን ነው ለልጆቹ ሲል አያድበሰብስ የሚል? እነርሱ ግን የሚመጣው ይምጣ፥ አላህ ያለውንና ነቢያችን ያመጡልንን እንናገራለን ብለው ተስማሙ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም (ረ.ዐ.) በንጉሡ ፊት ቆመው ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፥ ወደ ድንግል መርየም የተጣለ ቃሉ መሆናቸውን ተናገሩ። ንጉሡም ከመሬት ትንሽ እንጨት አንሥቶ፥ ልዩነቱ የዚህን ያህል እንኳ አይሆንም ብሎ ለስደተኞቹ ጥበቃውን አጸና፤ የቁረይሾችንም ገጸ በረከት መለሰ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ብዙ ሰው፥ እውነት ተናገሩ ስለዚህም ዳኑ ብሎ ያልፋል። እንዲህ ካነበብነው ግን እንደ ገና በፍሬ መመዘን ጀምረናል። እነርሱ ውሳኔውን በወሰኑበት ጊዜ መዳናቸውን አያውቁም ነበር። ንጉሡ ተቆጥቶ ለዐምር አሳልፎ ቢሰጣቸው ኖሮ የጀዕፈር ቃል ያው ትክክለኛ ቃል ነበር። በተጨማሪም በዚያ ሸንጎ አደጋ ላይ የጣሉት የገዛ ነፍሳቸውን ነው፤ የወሰኑትም ተሰብስበውና ተመካክረው ነው።

በመጨረሻ፥ ይህን ትምህርት አንብቦ የገዛ ጆንያውን የሚያስታውስ ነጋዴ ቢኖር ምን ያድርግ? መስጊዱ ተከድኗል፥ ጣራውን ማንሣት አይቻልም። የፊቅህ ሊቃውንት መንገዱን በዝርዝር አስቀምጠዋል። ከማን እንደ ወሰደ የሚያውቅ ከሆነ ገንዘቡን ወደ ባለቤቱ ያደርሳል። በአደባባይ መናዘዝ ግዴታው አይደለም፤ ገንዘቡ በማንኛውም መንገድ በባለቤቱ እጅ ይግባ። ለምሳሌ በሚዛን የበደለው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ቡና ይዞ ቢመጣ፥ የጎደለበትን በዋጋው ላይ ጨምሮ ሊከፍለው ይችላል። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይሰጣል። ነጋዴው ራሱ ሞቶ ልጆቹ የአባታቸውን ዕዳ ካወቁ፥ ከውርሱ በፊት ዕዳው ይወጣል።

ባለቤቱ ፈጽሞ የማይታወቅ ከሆነ ግን፥ ገዛሊ እንዳሉትና በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ነወዊ እንዳጸደቁት፥ ገንዘቡ ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም፥ ለድልድይና ለመንገድ፥ ለመስጊድም ጭምር ይውላል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊገረም ይችላል፤ በሐራም ገንዘብ መስጊድ መሥራትን ድንቁርና ብለው የለምን? ብለዋል። መስጊዱ ያው ነው፥ ገንዘቡም ያው ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ለመስጠት ብሎ ይወስዳል፥ የሰጠውንም የራሱ ምጽዋት አድርጎ ምንዳ ይጠብቃል። ሁለተኛው መውሰዱን አቁሞ፥ በእጁ የቀረው ገንዘብ የእርሱ አለመሆኑን አምኖ፥ በባለቤቱ ስም ያወጣዋል፤ ምጽዋቱ የባለቤቱ ነው። ስሙን በመስጊዱ ግድግዳ ላይ ማስጻፍም አይገባውም።

ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ግዢ ፈጽመው ዋጋውን ሊከፍሉ ሻጩን ቢፈልጉት አጡት። ዓመት ሙሉ ፈለጉት፥ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለድሆች እያከፋፈሉ፥ ይህ በዚያ ሰው ስም ነው፤ ኋላ መጥቶ ምጽዋቱን ባይቀበል ምጽዋቱ ለእኔ ይሁን፥ ዋጋውን ግን ከራሴ እከፍለዋለሁ ይሉ ነበር።